ጄኔራል አልበርቶኔን መንገድ ማሳት

በትርፍ ጊዜዬ ምን እንደምሠራ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ አለኝ። ብዙም ለማላውቀው "ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ" ብዬ አልፋለሁ። ለሚቀርበኝ እውነቱን እነግረዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ከብበን፣ አውራ ጣት የማያህሉ ወታደሮች እያንቀሳቀስን፣ በሜትር እየለካን፣ ዳይስ እየጣልን የድሮ ጦርነት እንዋጋለን። ከዚያ ያው የተለመደው ፊት ይመጣል። "አሻንጉሊት ማለት ነው?" አዎ፣ አሻንጉሊት ነው። "ለልጆችህ ነው?" አይደለም፣ ለእኔ ነው። ልጄማ ብሩሾቼን እንዳትነካ ተነግሯታል።

እናቴ በስልክ የሰማች ቀን ትንሽ ዝም አለችና "ደሞ ጦርነት ምኑ ይጫወቱታል?" አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንድ በታሪክ የሚታወቅ ውጊያ ትመርጣላችሁ። ዋተርሉ ሊሆን ይችላል፣ ጌቲስበርግ ሊሆን ይችላል፣ አድዋም ይሆናል። ቦታውን ጠረጴዛ ላይ ትሠሩታላችሁ። ተራራው ከፎም ይቆረጣል፣ ኮላ ይቀባና አሸዋ ይነሰነስበታል፣ ሲደርቅ ቀለም ይጠጣል። ወታደሮቹ ሚኒየቸር ይባላሉ፤ ከብረት ቅይጥ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ሳይቀቡ ነው የሚሸጡት። ብዙ ሰው የሚጫወተው 28 ሚሊሜትር በሚባለው መጠን ነው፤ ከዚያ ወርዶ 15 አለ፣ 6 አለ። ባለ 6ቱ ወታደር ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ሕጉ በመጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል። እግረኛ በአንድ ተራ ስንት ኢንች ይሄዳል፣ መድፍ ከምን ያህል ርቀት ይመታል፣ አዛዡ የሞተበት ጦር ይጸናል ወይስ ይፈታል፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። የቀረውን ዳይሱ ይወስናል።

ዳይሱ የማይዋጥላቸው ሰዎች አሉ። "እንዲህ ከሆነማ ሎተሪ ነው" ይላሉ። እኔ ግን ያለ ዳይስ የሚደረግ ጦርነት ነው የሚገርመኝ። እውነተኛው ሜዳ ላይ መልእክተኛ ፈረሱ ይሰበርበታል፣ ጭጋግ ይወርዳል፣ ጀግና የተባለው ይደነግጣል፣ ማንም ያልጠረጠረው ልጅ ደግሞ መድፉ አጠገብ ቆሞ ይቀራል። ይሄን በምን ታስገቡታላችሁ?

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ነው። ለዚህ ሱስ ከዚህ የባሰ ከተማ የለም። የምናብ ጭራቆችንና የጠፈር ወታደሮችን የሚያመርተው ጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። ከእሱ ቤት የወጡ ቀራፂዎች ደግሞ በዙሪያው የየራሳቸውን ትንንሽ ድርጅት ከፍተዋል። ከነሱ ውስጥ ለታሪክ ወዳጆች ትልቁ ስም የፔሪ መንትያ ወንድማማቾች ነው። ከሁለቱ አንዱ የጥንት ውጊያ በአልባሳት በሚታይበት ትርኢት ላይ መድፍ ሲያጎርስ ያለ ጊዜው ተኩሶበት ቀኝ እጁን አጣ። ሰውየው ቁጭ ብሎ በግራ እጁ መቅረፅ ተማረና ሥራውን ቀጠለ። ጠረጴዛችን ላይ ካሉት ፈረሰኞች አንዳንዶቹ ከነሱ ቤት የወጡ ናቸው። አንዱን አንስቼ የጣቶቹን መገጣጠሚያ ባየሁ ቁጥር ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል።

ቡድናችን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጀርባ ያለች ክፍል ተከራይቶ ነው የሚሰበሰበው። ማሞቂያው በክረምት አይሞቅም፣ በበጋ ደግሞ አይጠፋም። ትልቁ ሰውዬ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። በዚያ ዕድሜ ያለን ሰው ስሙን ብቻ ጠርቼ ማናገር ስለከበደኝ ገና እንደተዋወቅን ጋሼ አልኩት፤ አሁን እንግሊዞቹም ሁሉ ጋሼ ነው የሚሉት። ፖስታ የሚያድል አንድ አለ፤ ሲሸነፍ ይዘፍናል። አንዲት ነርስ አለች፤ ከሁላችንም በላይ ጨካኝ ተጫዋች እሷ ናት። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ ኤርትራዊ ወንድማችን አለ። ሌሎቹ እንደ ፈረቃቸው ይመጣሉ። ሁለቱ አንድ መሥሪያ ቤት ናቸው፣ አንደኛው የሌላኛው አለቃ ነው፤ ሰኞ ስለሚሆነው አላውቅም እንጂ ቅዳሜ ሠራተኛው አለቃውን ከነመድፉ ወንዝ ሲያስገባው ማየት ደስ ይላል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

እኔ የማመጣው ዳቦ ቆሎ ነው። ቅባት የነካው እጅ ሚኒየቸር መንካት ስለማይፈቀድለት ቺፕስ የተከለከለ ነው፤ ዳቦ ቆሎ ግን ደረቅ ስለሆነ በአዋጅ ተፈቅዷል። አንዴ አንዷ ፍሬ አምልጣ ሸለቆ ውስጥ ገባች፤ ሳናያት ሁለት ተራ ካለፈ በኋላ ፖስተኛው "ይሄ ድንጋይ መከለያ ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ። ይሆናል ተባለ። አንድ ሻለቃ እሷን ተከልሎ ዳነ።

ጨዋታው ሳምንት ጠብቆ ነው የሚመጣው፤ ቀለም ቅቡ ግን የዘወትር ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጋዜጣ አለብሰዋለሁ፣ መብራት አስጠጋለሁ፣ የእጄን አንጓ ጠርዙ ላይ አስደግፋለሁ። የሐበሻ ወታደር መቀባት የራሱ ጣጣ አለው። ነጭ ሸማ ነጭ ቀለም ብትቀቡት ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። መጀመሪያ አመድማ ቡናማ መሠረት ይጣላል፣ ከዚያ ወደ ነጭ የሚጠጋ፣ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ደግሞ እውነተኛው ነጭ። ከዚያ ጥለቱ። አንድ ቀይ መስመር፣ በጣም ቀጭን፣ ትንፋሽ ተይዞ። ከተሳካ አንድ ሰውዬ ከብረትነት ተነሥቶ የሆነ ሰፈር ሰው ይመስላል። የፊት ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ ሱቅ ውስጥ "አፍሪካዊ ቆዳ" ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ ወታደሮች ግን ጠይም አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ጥቁር አለ። ሦስት ዓይነት ቡናማ እቀላቅላለሁ።

አንድ ያናደደኝ ነገር ነበር። ስሙን ከማልጠራው ሻጭ "የሐበሻ ጦር" ብዬ ያዘዝኩት ፓኬት ሲከፈት አብዛኛው ጦርና ጋሻ የያዘ ነው። ቆንጆ ነው፣ ለምዱም ጎፈሩም አምሮበታል፤ ግን የትኛው አድዋ ላይ ነው ይሄ? ከመቶ ሺህ ገደማ ከሚገመተው የምኒልክ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ ይዞ ነው የዘመተው፤ ሬሚንግተኑ፣ ውጅግራው፣ ከጣልያን የተገኘው ራሱ። ከጣልያኑ መድፍ ጋር የተታኮሱ ሆችኪስ መድፎችም ነበሩ። "ባዶ እጁን በጦር ብቻ" የሚለውን ተረት ፈረንጆቹም ይወዱታል፣ እኛም ሳናውቀው ስንደግመው ኖረናል። ስለዚህ ጦሮቹን በመቆንጠጫ እየቆረጥኩ ከሌላ ሳጥን የተረፉ የፕላስቲክ ጠመንጃዎች በኮላ አስያዝኳቸው። ጋሻውን ጀርባቸው ላይ ተውኩላቸው። ጎራዴውም ባለበት ቀረ። ባለቤቴ ሻይ ልታፈላ መጥታ ለትንሽ ጊዜ አየችኝና "የመሣሪያ ዝውውር ነው እንዴ?" ብላኝ ሄደች። ስለ ገንዘቡ ጥያቄ እንዳትጠይቀኝ በዚያው ርዕስ ብንቆይ ይሻለኛል። ያልተቀባ ክምር ቁም ሣጥን ውስጥ አለኝ፤ በዚህ ዓለም ያለ ሰው ሁሉ አለው፤ ማንም ግን መጠኑን ለትዳር ጓደኛው አይናገርም።

ወደ አድዋ ልምጣ፤ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። አድዋን እናዘጋጅ ያለው ጋሼ ነው። እኔ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። አድዋ እኮ ለእኛ ዳይስ የሚጣልበት ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ የካቲት 23 የሚከበር፣ አያቶቻችን ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሲዋጋ ታየ ብለው የነገሩን ነው። ይሄን ለጋሼ ስነግረው በጥሞና ሰምቶ "ለጊዮርጊስ ዳይሱ ላይ ሁለት ነጥብ እንጨምርላችሁ?" አለ፤ እየቀለደ አልነበረም። ግድ የለም፣ እሱ በሕግ አይገባም አልኩት።

ቁጥሩ የመጀመሪያው ራስ ምታት ሆነ። አንድ ሚኒየቸር ሃምሳ ሰው ይወክል ብትሉ፣ ለጣልያኑ ዋና አዛዥ ለጄኔራል ባራቲዬሪ 17,700 ገደማ ሰው ሦስት መቶ ሃምሳ አካባቢ ይበቃል፤ ለምኒልክ ግን ሁለት ሺህ ያስፈልጋል። ሁለት ሺህ ሸማ የሚቀባ ማን ነው? መፍትሔው የጋሼ ነበር፤ የሐበሻው ወገን የተበተነበትን ጦር አንሥቶ በሁለተኛው ተራ ከጠረጴዛው ጠርዝ እንደ አዲስ ያስገባዋል። ጣልያኑ የሞተበት ሞተበት። ሰውየው ይተኩሳል፣ ይጥላል፣ ቀና ሲል ሌላ መጥቷል። የጣልያን ወገን ሆኖ የተጫወተ ሁሉ በሦስተኛው ተራ ላይ ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ባራቲዬሪን ለሰው ስትሰጡት አይንቀሳቀስም! የመጀመሪያውን ሙከራ ፖስተኛው ነበር ያዘዘው። ሳውሪያ በተባለው ቦታ ያለውን የጣልያን ምሽግ አየ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የሰው ብዛት አየ፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። "ይምጡ" አለ። እኛ ደግሞ አልሄድንም፤ ምሽግ ላይ መሮጥ እብደት ነው። ተራ በተራ "አልፌያለሁ"፣ "እኔም አልፌያለሁ" ስንባባል ሻያችን ቀዘቀዘ። ቅዳሜያችን አለቀ።

ያን ዕለት ነው ነገሩ የገባኝ። የሆነው እኮ ይሄው ነው። ሁለት ጦር ተፋጥጦ፣ ሁለቱም የሌላውን ስንቅ ማለቅ እየጠበቀ። መቶ ሺህ ሰው ከነአጋሰሱ አንድ አገር ላይ ሲሰፍር ያገሩ እህል ስንት ቀን ይቆያል? ምኒልክ ብዙም ሳይቆዩ ሰፈር ነቅለው መሄድ ግድ ሊሆንባቸው ነበር። ባራቲዬሪም የቀረው የጥቂት ቀናት ስንቅ ነው፤ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አስቦ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ቢጠይቅ አራቱም አይሆንም አሉት። ከሮም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ይሄ ጦርነት ሳይሆን የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚል ቴሌግራም ልኮበታል። ሰላዩ ባሻ አውዓሎም ያመጡትና የወሰዱት ወሬም አለ። ጣልያን ከምሽጉ የወጣው እኛ ጎትተን ሳይሆን ተቀምጠን ስላስወጣነው ነው። መቀሌ ላይ ጣይቱ ውሃውን አስይዘው ምሽጉን ያስለቀቁትም በዚሁ ዘዴ ነው፤ ግንብ ላይ ሰው ከመፍጀት ጥማትን መላክ።

ስለዚህ ጨዋታውን አሻሻልነው። ለሁለቱም ወገን የስንቅ ቁልል ተሰጠ፤ ጠርሙስ ክዳን ነው፣ ልጆች ሆነን ቆርኪ ኳስ የተጫወትንበት ዓይነት። በየተራው አንድ ይነሣል። ለባራቲዬሪ ደግሞ የታሸገ ፖስታ፤ በተወሰነ ተራ ላይ ይከፈታል፣ ውስጡ የክሪስፒ ቴሌግራም አለ፤ ካልወጣህ ተሽረሃል፣ ጨዋታው ላንተ አልቋል። ፖስተኛው ራሱ ፖስታውን ሲከፍት ያሳየው ፊት የሚገርም ነበር። በሥራው ስንት መጥፎ ዜና አድርሶ ያውቃል፤ ለራሱ ሲመጣ ግን ተቆጣ።

ቀጥሎ አልበርቶኔ፣ ከባራቲዬሪ አራት ጄኔራሎች አንዱ። ታሪኩን ለማታውቁት፤ የካቲት 22 ማታ ጣልያኖቹ በሦስት ረድፍ፣ አራተኛውን ተጠባባቂ አድርገው በጨለማ ወጡ። ሐሳቡ ጎህ ሲቀድ ከፍታዎቹን ይዘው መገኘት ነው። በግራ በኩል የሚሄደው አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። የያዙት ካርታ ግን በእጅ የተነደፈ ነገር ነው፤ ስሙ የተጻፈው በተሳሳተ ኮረብታ ላይ ነው። አልበርቶኔ ባራቲዬሪ ያሰበው ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ መንገድ መሪዎቹ ይሄ ኪዳነ ምሕረት አይደለም፣ ትክክለኛው ገና ወደፊት ነው አሉት። ቀጠለ። ብቻውን ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዶ መላው የሐበሻ ሠራዊት መካከል ገባ። ሌላው ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሊረዳው ተልኮ በሌላ አቅጣጫ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ተሰወረ። ሦስተኛው ጄኔራል አሪሞንዲ መሃል ላይ ተረገጠ።

አሁን አስቡት። ሙሉው ጠረጴዛ ከፊታችሁ ተዘርግቶ፣ ሁሉም ተራራ እየታያችሁ፣ እንዴት ነው መንገድ የምትስቱት? የዚህ ጨዋታ ትልቁ ውሸት ይሄ ነው፤ ሁላችንም ከሰማይ እያየን ነው የምንዋጋው። ፕሩሲያኖች ይሄን የፈቱት ድሮ ነው። ራይስቪትስ የሚባሉ አባትና ልጅ ነበሩ፤ አባትየው የጀመረውን ልጁ እ.ኤ.አ. በ1824 አሻሽሎ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገው። ሁለቱ ወገን አይተያዩም። መሃል ዳኛ አለ። ትእዛዝ በጽሑፍ ለዳኛው ይሰጣል፤ እሱ ካርታው ላይ ያንቀሳቅሳል፣ ለእያንዳንዱ የሚያየውን ብቻ ይነግረዋል።

የእኛው ሰንጠረዥም እኮ የራሱ መላ ነበረው። የድሮው የሐበሻ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይጠባበቁ እጃቸው እንደቻለ ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ይሄን ለጋሼ ስነግረው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። እነሱ "ሁለቱም ጦር በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ እንዴት እናድርገው" እያሉ በየመጽሐፉ ስንት ገጽ ይጽፋሉ፤ የእኛ መኳንንት ድንኳን ውስጥ ሲጫወቱት ኖረዋል።

ያን ቅዳሜ ዳኛው እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛውን በመጋረጃ ጋረድን። የጣልያን አዛዦች እያንዳንዳቸው አንድ ጥግ ይዘው ተቀመጡ፣ ስልክ ተሰበሰበ፣ ማውራት ተከለከለ። ለእያንዳንዳቸው በእርሳስ የተነደፈች አንዲት ካርታ ሰጠኋቸው፤ ሆን ብዬ ነው የነደፍኳት፣ ኪዳነ ምሕረት የተሳሳተው ቦታ ላይ። ነርሷ አልበርቶኔ ነበረች። እሷን የመረጥኩት ከሁሉም ጠንቃቃ ስለሆነች ነው፤ እሷ ከሳተች ማንም ይስታል ብዬ። ኮረብታው ላይ ደርሳ ቆመች፣ "ደርሻለሁ፣ አሪሞንዲን እየጠበቅኩ ነው" ብላ ጻፈች። ትክክል። ከዚያ አንዲት ወረቀት ይዤላት ሄድኩ፤ "መንገድ መሪሽ ይሄ ኪዳነ ምሕረት አይደለም ይላል። ኪዳነ ምሕረት ወደፊት ነው። ምን ታዝዣለሽ?"

ወረቀቱን አነበበች። ካርታዋን አየች። ትእዛዙን እንደገና አወጣችና በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ወደ እኔ ቀና አለች፤ ዳኛ ነኝና ፊቴን እንጨት አደረግኩት። በቀኝ በኩል አሪሞንዲ የለም፤ ለምን እንደሌለም አታውቅም። ብዙ ከቆየች በኋላ እስክሪብቶዋን አነሣች፦ "ትእዛዙ ኪዳነ ምሕረትን ያዢ ነው የሚለው። ወደፊት።"

እኔ ይሄን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት እንደ ጣልያን ቂልነት ነው። "መንገድ ጠፍቶባቸው" ተብሎ ይሳቃል። እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ግን ቂል አይደለችም። በእጇ ባለው ነገር ልክ አስባ፣ ልክ የሆነውን ወስና፣ አራት ሺህ ሰው ይዛ ገደል ገባች። ባራቲዬሪ ከሌላኛው ጥግ የተኩስ ድምፅ ሰማህ ተብሎ ሲነገረው "የማን ተኩስ? ከዚያ በኩል ማንም የለኝም እኮ!" አለ። መጋረጃው ሲነሣ ሁሉም ተሰብስበው የራሳቸውን ጦር አቀማመጥ አዩ፣ ፖስተኛው ፀጉሩን ይዞ ሳቀ፣ ነርሷ ለሳምንት አኮረፈችኝ።

ጓደኞቼ ከእኔ የሚጠብቁት ደስታ ነበር፤ አገሬ አሸነፈች። ደስታው አለ፣ አልዋሽም። ግን የተሰማኝ ሌላ ነው። አድዋ እንደ ተአምር ሲነገረኝ ለኖርኩት ሰው ጠረጴዛው ላይ ሥራ ሆኖ ታየኝ። ያን ሁሉ ሰው ከሸዋ፣ ከሐረር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ አስነሥቶ በእግር ያን ያህል መንገድ አድርሶ፣ ሳይበተን አስቀምጦ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ። እኛ ጥቂት ሰዎች የጠርሙስ ክዳን ሲጎድልብን በሦስተኛው ተራ "እንግዲህ እናጥቃ" ብለን መጮህ ጀምረናል። ምኒልክ ራሶቹን ሁሉ፣ የየራሳቸው ጦርና ኩራት ያላቸውን፣ እነ አሉላን፣ እነ መንገሻን፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፣ ራስ መኮንንን፣ ራስ ሚካኤልን፣ "ትንሽ ቆዩ" ብሎ ማስቆየት መቻላቸው ከውጊያው በላይ ያስደንቀኛል አሁን።

ኤርትራዊው ጓደኛችን በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው። አስካሪዎቹን፣ በጣልያን ጦር ውስጥ የተዋጉትን የአገሬው ወታደሮች፣ እኔ ልቅባ አለ። የአልበርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው አስካሪ ነበር። ቀይ ረጅም ታርቡሽ፣ ነጭ ልብስ፣ የየሻለቃው መለያ ቀለም ያለው መታጠቂያ። ቅድመ አያቱ ከአስካሪዎቹ አንዱ እንደነበሩ ቤተሰቡ ውስጥ ይነገራል፤ አድዋ ይዋሉ አይዋሉ ግን የሚያውቅ የለም። ከሁላችንም አሳምሮ ነው የቀባቸው። ኒውአርክ ላይ በሚደረገው ፓርቲዛን በሚባለው ትርኢት ጨዋታውን ይዘን ስንሄድ አንድ ሰውዬ ቀርቦ የአንዱ ሻለቃ መታጠቂያ ቀለም ላይ ሊከራከር ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ሰው በየትርኢቱ አለ፣ በአንድ የልብስ ቁልፍ ቀለም ላይ ስሕተት ካላገኘ አይበላም አይጠጣም። ጓደኛችን በትሕትና አዳመጠውና "ስለ ልብሱ ቅድመ አያቴ ሲመለሱ ልጠይቃቸው" አለው። ሰውየው ሄደ።

ከዚያ የነጥብ ቆጠራው መጣ። በመጽሐፉ ሕግ መሠረት የተማረከ ወታደር ለአሸናፊው ነጥብ ያስገኛል። ከድሉ በኋላ ስምንት መቶ ያህል የተማረኩ አስካሪዎች እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይሄ በየካቲት 23 ንግግር ውስጥ አይነሣም። እሱ ግን ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ሁለታችንም እዚያ ቆመን ነበር። "ለምርኮኛ ነጥብ አንስጥ" አለ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ። አልሰጠንም። ለእንግሊዞቹ ሕጉን ለማቅለል ነው አልናቸው።

የእናቴ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። ጦርነት ምኑ ይጫወቱታል? ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለአሻንጉሊት ወታደሮች የጨዋታ ሕግ ጽፎ አሳተመ፤ ሲጨርስም ይሄን ትንሽ ጦርነት ከትልቁ ጋር አስተያዩት፣ ትልቁ ምን ያህል ደደብ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል የሚል ክርክር አስገባ። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጨዋታው ሰውን ከጦርነት ያድናል የሚለውን ስለዚህ አላምንም። ሰውን ጦረኛ ያደርገዋል የሚለውንም አላምንም፤ የእኛ ቡድን ሰዎች መኪና ማቆሚያ ላይ እንኳ ለመጣላት አቅም የላቸውም።

የራሴ መስመር ግን አለኝ። ሟቹን የሚያለቅስለት ሰው በሕይወት ያለበትን ጦርነት አልጫወትም። ሌሎቹ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ይጫወታሉ፣ አልፈርድም፤ ያን ቅዳሜ ሻይ እያፈላሁ አያለሁ። የ1928ቱን የማይጨው ዘመቻ እናዘጋጅ ያለ ሲኖር ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ፤ ለመርዝ ጋዙ ስንት ዳይስ ነው የሚጣለው? ማንም አልመለሰም፣ ሐሳቡም በዚያው ቀረ። አድዋ ከተማ ራሷ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያየችውንማ ማን አንሥቶ ያወራዋል። በዚያ ሰሞን የፎም ተራሮቹን ከነስማቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ነው የቀባሁት፤ የናፖሊዮን ፈረሰኞች፣ ሩቅ የሆነ ነገር። ለእናቴ ጥሩ መልስ የለኝም። "ከሰው ጋር ያገናኘኛል" አልኳት፤ "እሱስ ደግ ነው" አለች፤ ስለ ጉንፋኔ ጠይቃኝ ዘጋች።

አሁን ደግሞ አዲስ ጭቅጭቅ ላይ ነን። ቀጣዩ ጉራዕ ይሁን ብዬ እኔ ነኝ የቀሰቀስኩት፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1876፣ አፄ ዮሐንስና ግብፅ። የቡድኑ ግማሽ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የሚወድ ስለሆነ በግብፅ ጦር ውስጥ የአሜሪካ መኮንኖች እንደነበሩ ስነግራቸው አበዱ። ዋናው ሎሪንግ ነው፤ የደቡቦቹ ጄኔራል የነበረ፣ አንድ እጁን ገና ሜክሲኮ ላይ ያጣ፣ ከዚያ ለግብፁ ገዥ ለኬዲቩ የተቀጠረ። የግብፁ አዛዥ ራቲብ ፓሻ ከምሽጉ መውጣት አልፈለገም፤ ሎሪንግ ገፋፍቶ አስወጣው ይባላል። ስለዚህ የድሮው ችግራችን ተመልሶ መጣ፤ ከምሽግ የማይወጣ አዛዥ። ጋሼ ፖስታውን እንደገና እንጠቀም ይላል። ፖስተኛው በፍጹም፣ ሁለተኛ ፖስታ አልከፍትም ብሏል። ነርሷ ሎሪንግ እኔ ካልሆንኩ ትላለች፤ ሌላውን ሰው መንገድ የማሳት ተራው የእሷ ነውና።